ቅቤ የነካው አፍ

ቆዳ ነጋዴውን ገብረመስቀልን ነቀምት ውስጥ በክርስትና ስሙ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነበር። ከኋላው የሚባለው «ቅመሺው» ነው። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራው ባይኖርም፣ ከመኪና ተራው እስከ ባኬ ጃማ ድረስ «ቅመሺው ዛሬ የት በላ?» መባባል የከተማው ጨዋታ ነበር። ሰውዬው አንዲት ሴት ያቀረበችለትን ምግብ ራሷ ቆርሳ ሳትቀምስለት እጁን ወደ ሳህን አይሰድም። ጠላ ሲቀዳ ቀጂዋ በመዳፏ ጠብ አድርጋ መቅመሷ የአገር ደንብ ነው፤ በዚህ የሚነቅፈው የለም። እሱ ግን ደንቡን ከጠላ ወደ ወጥ፣ ከወጥ ወደ ዳቦ፣ አንድ ጊዜማ ወደ ተቀቀለ እንቁላል አሻገረው። እንቁላሉን ያቀረበችለት የአኖዋ ሴት «እኔ አልጣልኩት፣ ዶሮዋን ጠርተህ አስቀምሳት» አለችው ይባላል።

ሥራው መንገድ ነበር። ከአኖ እስከ ጊምቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎም እስከ ቢላ፣ ገበያ በቆመበት ሁሉ ቆዳ ይገዛል። ሚስት የለችውም። ከትውልድ አገሩ ከቡልጋ ከወጣ ጀምሮ የበላው ሁሉ በገንዘቡ ከሰው ምድጃ የመጣ ነው። ስለ ምግብ ቤት አስተያየቱን የጠየቀ ሰው ታዲያ ሌላ ጉዳይ ባይኖረው ይሻለዋል። ቢላ ያለችው ሴት የቃሪያ ቆጭቆጫዋ፣ ይላል፣ ለብቻው እንጀራ ያስጨርሳል፤ ግን ቃሪያውን ያን ያህል የምታበዛው የሥጋውን ዕድሜ ለመሸፈን ነው። የአኖው ቤት ጥብሱ ለጉድ ነው፤ ነገር ግን «ዛሬ የታረደ» የሚሉትን በሬ ቆዳ እሱ የገዛው ትናንት ነው። በዚህ በዚህ እንኳ እውቀቱ አይናቅም። ጊምቢ ያለው የጉራጌው ሰውዬ ቤት ንጹሕ ነው፤ ንጹሕነቱ ራሱ ያጠራጥራል፤ ምን ቢደብቅ ነው ጠዋት ማታ እንዲህ የሚጠርገው? ከነዚህ ቤቶች በአንዱም ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ዓይኑን ለጓዳው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ለምን ሲሉት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይልና ጉርሻውን አገላብጦ ያየዋል።

እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሰው የለም። አባቱ ከጎረቤት ሠርግ በልቶ ጠጥቶ በገባ ሰሞን ሞተ። እናቱ መርዝ አጠጥተውት ነው ብላ «ዋንጫው ነው፣ ዋንጫው ነው» እንዳለች ኖራ እንዳለች ተቀበረች። ቆላ ወርዶ የከረመ ሰው ስለነበር ወባም ሊሆን ይችል ነበር፤ ማንም አላጣራም። ገብረመስቀልም ልጅ ሆኖ የሰማውን ነገር ትልቅ ሆኖ ከሆዱ ማውጣት አቃተው። ሊታዘንለት ይገባ ነበር፤ ግን ሲነጫነጭ ለዋለ ሰው ማዘን ከባድ ነው።

ይህ ሰው በመላው ወለጋ ጀርባውን ለጓዳው ሰጥቶ የሚበላበት አንድ ቤት ብቻ ነበር፦ የድርቤ ቤት።

ድርቤ ባሏ የሞተባት፣ የወንጌላውያኑ ማኅበር አባል የሆነች፣ ከመኪና ተራው ጀርባ ምግብ የምትሸጥ ሴት ናት። ጠላ የላትም፤ ሻይና እርጎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጩምቦ ትጋግራለች፤ ያን ወፍራም ቂጣ በቅቤና በእርጎ አርሳ ስታቀርበው የጭነት መኪና ነጂዎች መንገዳቸውን ይረሳሉ። ከመስከረም ጀምሮ አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ፣ ልጣ፣ በቅቤ አሽታ ታቀርባለች። ገብረመስቀል «ቅመሺ» ሲላት እንደ ሌሎቹ ሴቶች አፏን አላጣመመችም። ቆርሳ ትቀምሳለች፣ ትውጣለች፣ አፏን ከፍታ እስከማሳየት ትደርስና «ኛዻ እንግዲህ» ትለዋለች፤ ይብሉ ማለቷ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ በላ። ሮብና ዓርብ ግን ማርያም አጠገብ ከምትኖረው ከጎጃሜዋ ከእማዋይሽ ቤት ነበር የሚሄደው፤ የጾም ነገር ከጾመኛ እጅ ይሻላል ብሎ።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል እማዋይሽ ቤቷን ዘግታ ደምቢ ዶሎ ልጇ ዘንድ ሄደች። ገብረመስቀል ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ ድርቤ ቤት መጣ።

«ድርቤ፣ የዘንድሮን ሁዳዴ እዚህ ልጾም ነው» አላት።

«ይጹሙ፣ ኦቦ ገብረመስቀል። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ።»

«ድስቱስ?»

«ድስቱ ምን ሆነ?»

«ቅቤ ገብቶበት የሚያውቅ ድስት አይሆነኝም።»

«አዲስ እገዛለሁ።»

«ማማሰያውም።»

«ቶሌ፣ እሺ። ማማሰያውም።»

«እንደ ወትሮው ትቀምሺልኛለሽ።»

«እቀምሳለሁ።»

እዚህ ላይ ገብረመስቀል አንድ ነገር ጠረጠረ። ከዚያ፣ «አንቺ ግን አትጾሚም» አለ። «ጠዋት ቅቤ የበላ አፍ እኩለ ቀን ላይ የጾም ወጤን ሊነካ አይገባም።»

በአጠገቡ ሻይ የሚጠጣው ነጂ ጆቴ ትን አለው። «ሰውዬ፣ ትቅመስ ነው ወይስ አትቅመስ? አንዱን ያዝ እንጂ! ደግሞስ እሳት ካየው ምን ለየው?»

ቤቱ በሳቅ አወካ። ድርቤ አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና «ቶሌ» አለች። «ቅቤ የነካው አፍ አይነካብዎትም።»

ገብረመስቀል አፏን ተጉመጥሙጣ የምትቀምስለት መስሎት ረካ። በልቡም ሌላ ነገር ያዘ። ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ወገቡ የበቅሎ ኮርቻ ሰልችቶታል። ጾሙን ሙሉ ሳትከዳኝ ካወጣችኝ፣ አለ፣ ለፋሲካ ማግሥት ሽማግሌ እልክባታለሁ። የሃይማኖቱ ነገር በሽማግሌ ይፈታል። እሷ በፈተና ላይ መቀመጧን አታውቅም፤ እሱ ግን አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣ ሁልጊዜ የማይጠራጠረው አንድ ሳህን የሚያገኝ ወይም የሚያጣ መስሎት ቀኑን ይቆጥር ነበር።

ጾሙን እንዴት እንደሚጾም ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። ሳሙና ከሞራ ነው የሚሠራው ሲባል ሰምቶ፣ ከቅበላ ማግሥት እስከ ፋሲካ እጁን በሳሙና አይታጠብም። በውሃ ብቻ ያጥበዋል። ቀኑን ሙሉ የሚውለው ግን ከቆዳ ላይ የቀረውን ሞራ በቢላዋ ሲፍቅ ነው። ይህን ለሚያስታውሰው ሰው «እሱ እንጀራዬ ነው፣ ሳሙና ግን ቅንጦት ነው» ይል ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሱ አይስቅም።

ጾሙ ሲጋመስ ዓይኑ መሥራት ጀመረ። ድርቤ ድሮ ምሳዋን ከአክስቷ ልጅ ከቀለሟ ጋር ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ እየተጫወተች ነበር የምትበላው። ቀለሟ አብራት የምትሠራ፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ ሴት ናት። አሁን ቀለሟ ብቻዋን ትበላለች። ድርቤ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሳህኗን በሳህን ከድና ወደ ውስጠኛው ክፍል ትገባና በሩን ትዘጋለች። ከስታለችም። ገብረመስቀል ይህን አይቶ ከተቀመጠበት ተነሣና፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ተከድኖ የሚገባው ምንድን ነው?» አላት አንድ ቀን።

«ምሳዬ ነው።»

«ምሳሽ ምንድን ነው?»

«የሚበላ ነገር ነው፣ ኦቦ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ፊት ማዞሯ ለእሱ ምስክር ነው። በሌላ ቀን ቢላዋውን ረስቶ ሲመለስ ቤቱ የተነጠረ ቅቤ ሸተተው። ቀለሟ አንጮቴ ታሻለች፤ ድርቤ ከአጠገቧ ማማሰያ ይዛ ቆማለች። የማን ማማሰያ? የቱ ድስት? አልጠየቀም፤ ከጠየቁት ይልቅ የጠረጠሩት ይጥማል። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ የበላውን ጉርሻ ሲቆጥር አደረ።

ቆዳ ነጋዴ የራሱ ፈተና አለው። የኑግ ዘይት ቢቀዘቅዝም አይረጋም፤ ቅቤ ግን በጠዋት ብርድ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ገብረመስቀል ለገዢ የሚያሳየውን፣ ጥርት አድርጎ የፋቀውን የበግ ቆዳ ቁራጭ በኪሱ ይዞ ሄደ። ሐሙስ ምሳውን ከበላ በኋላ ከሽሮው በአውራ ጣቱ ዝቆ ቁራጩ ላይ ዳጠው፤ አጥፎም ወደ ኪሱ ከተተው። ጠዋት ሲገልጠው የሽሮው ዳርና ዳር ነጭ ሆኖ ረግቷል። አዘነ። ደስም አለው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው አንድ ቀን እውነት ሲሆንለት፣ ምርር ብሎትም ቢሆን፣ ትንሽ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የድርቤ ቤት ሞልቶ ነበር። ጾመኛው ሁሉ፣ የእማዋይሽ ደንበኞች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ፣ ከሸዋ የመጡ ነጋዴዎች፣ ሁለት አስተማሪዎች። ድርቤ ሳህኑን አቅርባ ልትቀምስለት ስትጎነበስ ገብረመስቀል ተነሣ።

«አትቅመሺ!» አለ። «እናንተ ሰዎች፣ ይህ ቤት በሁዳዴ ቅቤ እያበላን ነው።»

ቁራጩን ዘርግቶ አሳየ። ቆዳ ነጋዴ ስለ ስብ የተናገረውን ማን ይጠራጠራል? አንዱ ጉርሻውን ከአፉ አወጣ። አንዱ አስተማሪ ወደ ደጅ ወጥቶ ተፋ። ጆቴ ብቻ «እስኪ ሴትዮዋ ትናገር» ብሎ ነበር፤ አልተሰማም።

ድርቤ ቁራጩን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። «ቅቤ ነው?» አለች።

«ነው።»

«እርስዎ ካሉ እንግዲህ» አለችና የቀረበውን ሳህን አንስታ ገባች። ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር። ጾመኞቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ በማግሥቱም ከእነሱ ማንም አልመጣም።

ገብረመስቀል ከዚያ በኋላ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ሲቆረጥም ሰነበተ። ሌላ ቤት ሞከረ፤ አንደኛው ጎመኑ መረረው፣ የሌላኛው ባለቤት ዓይኗ አላማረውም። እውነቱን አግኝቻለሁ ይላል ለራሱ፤ እውነቱ ግን አላጠገበውም።

እንዲህ ባለበት አንድ ጠዋት ኦቦ ባቻ ወደ ቆዳ መጋዘኑ መጡ። የወንጌላውያኑ ማኅበር ሽማግሌ ናቸው፤ በጎችም ስላሏቸው ቆዳ ይሸጡለታል። ያን ቀን ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«አሸማ፣ ገብረመስቀል» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ መጥቼ ነው። ድርቤን ወደ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ወስደሃታል?»

«እኔ?»

«አንተ። ለፋሲካ ማግሥት ሽማግሌ ልትልክ ነው ይባላል።»

ገብረመስቀል ይህን ለሕያው ሰው አልተናገረም ነበር። ከተማው እንዴት እንዳወቀ እግዜር ይወቅ።

«የወንድሟ ሚስት ወለደች» አሉ ሽማግሌው። «ድርቤ ሄደች፤ ገንፎ ቀረበላት፤ አልበላም አለች። አራስ ቤት እኮ ነው! መሃሉ ላይ ቅቤ ስላለ አልነካም አለች። ወንድሟ 'ለልጄ ምን ብትመኝለት ነው' ብሎ እስከ ዛሬ አያናግራትም። ሴቶቻችንም 'ጾም ይዛለች፣ ትታን ልትሄድ ነው' አሉ። እኛም ጠርተን ጠየቅናት። ምን አለች መሰለህ? 'ምግቡን የምቀምስለት ደንበኛ አለኝ። ቅቤ የነካው አፍ እንዳይነካብኝ አለ። ቶሌ አልኩት። ቶሌ ካልኩ ቶሌ ነው' አለች። ማን ያምናል? ለደንበኛ ብሎ የሚጾም ሰው አይተን አናውቅም። እኔም አላመንኩም። እስኪ አንተ ንገረኝ፣ እውነት ነው?»

ገብረመስቀል ቢላዋውን አስቀመጠ። የተዘጋው በር፣ የተከደነው ሳህን ትዝ አለው። ጾሟን ነበር የደበቀችው፤ ቀለሟ አይታ ለዘመድ እንዳታወራ፣ ባዶ ሽሮዋን በር ዘግታ ስትበላ የከረመችው ለዚህ ነው። ያን ቀን ማማሰያ ይዛ የቆመችውም ቅቤው ወደ እሱ ድስት እንዳይፈናጠቅ ስትጠብቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሰብ እንዴት አቃተው?

«ቶሌ ያለችኝ እውነት ነው» አለ።

«ታዲያ ቅቤ አበላችን ያልከውስ?»

«ቆዳው ላይ ረጋብኝ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰም። ሲናገር አውራ ጣቱን እያየው ነበር። ከጥፍሩ ሥር፣ ከቆዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ ጠዋት የፋቀው ሞራ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል።

ሽማግሌውን ከሸኘ በኋላ ሌላ የጠራ ቁራጭ አነሣ። ሽሮ የለ፣ ዘይት የለ፤ አውራ ጣቱን ብቻ አሸበት። ሲነጋ ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ከመጀመሪያው ቁራጭ አጠገብ ቢያስቀምጠው አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻለም። ጾሙን ሙሉ ስብ ሲያበላው የከረመው የገዛ እጁ ነው፤ ሰው ሁሉ ላይ ሲፈልገው የነበረው ነገር ከእሱ ጋር ነበር የሚዞረው። ሴትዮዋ ለእሱ ብላ ከወንድሟ ተጣላች፣ በማኅበሯ ተጠረጠረች፤ እጇ አመድ አፋሽ ሆነ። እሱ ያደረገላት ነገር ቢኖር በሰው ፊት ማዋረድ ነው። አፈረ፤ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ሮብ እኩለ ቀን ላይ በሳሙና ታጠበ። ደጋግሞ ታጠበ። ከዚያ ወደ ድርቤ ቤት ሄዶ ያን ዓርብ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ጆቴና ጥቂት ነጂዎች ብቻ አሉ።

«ባለፈው ዓርብ እዚህ ቆሜ የተናገርኩት ሐሰት ነው» አለ። «ቅቤ አልነበረም። የእኔ እጅ ሞራ ነው። ለሰሙት ሁሉ እየዞርኩ እናገራለሁ።»

ጆቴ ሊስቅ ብሎ የሰውዬውን ፊት አየና ተወው። ድርቤ ከጓዳው ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጨረሱ?» አለች።

«ጨረስኩ። ይቅር በዪኝ።»

ድርቤ ይቅርታ ማድረጓን አልተናገረችም፤ አለማድረጓንም አልተናገረችም። «ይቀመጡ» ብላ ገባች።

ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሊያዞር እጁን ሰደደና መልሶ ተወው፤ ጀርባውን ለጓዳው ሰጠ። ሽሮው መጣ። ድርቤ ሳህኑን አስቀምጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አልቀምስልዎትም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ቤት ሄጄ ገንፎውን በላሁ። ቅቤው እስከ እጄ አንጓ ወረደ። ከወንድሜ ታርቄያለሁ። ከእንግዲህ የእኔ አፍ ለእርስዎ ጾም አይሆንም። ድስቱ ያው ድስት ነው፣ ማማሰያውም ያው ነው። ማመን የእርስዎ ነው። ኛዻ፤ ካልፈለጉም ይተዉት።»

ሄደች። ገብረመስቀል ሽሮውን አየው። ላዩ ያብረቀርቃል። ኑግም እንዲህ ያብረቀርቃል፤ ቅቤም እንዲህ ያብረቀርቃል። የተቆጣች ሴት ምን አታደርግም የሚለው የእናቱ ድምፅ ከሩቅ መጣበት። በኪሱ ሌላ የቆዳ ቁራጭ አለ፤ ሁልጊዜም አለ። እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። እንጀራውን ቆርሶ አጠቀሰና ጎረሰ።

ጨው የለውም። ትንሽም የለውም። አፉ ውስጥ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ገባው። ዛሬ ይህን ድስት ማንም አልቀመሰውም። ጠዋት ቅቤ የነካው አፍ ወደ እሱ ሽሮ አልተጠጋም፤ ተቆጥታም፣ ተዋርዳም፣ ቶሌ ያለችው ቶሌ ነበር። ጎረሰ፤ ደግሞ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ጆቴ እንዳያይበት አንገቱን ደፋ።

ሊጨርስ ሲል ከጓዳው የቀለሟ ድምፅ ጮኸ። «ወይ ጉድ፣ ድርቤ! ይሄ ሽሮ ጨው የለውም እኮ!»

ድርቤ የጨዉን ዕቃ ይዛ እየሮጠች ወጣች። ሳህኑ ተጠርጓል።

«ጨው እንደሌለው አላወቁም?» አለችው።

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ እንዴት በሉት?»

«ስላልቀመስሽው» አላት።